የድርሰት ሰዓትና የድርሰት መንፈስ

ድርሰት እወዳለሁ የሚል ሰው ስለ ሥራው በተጠየቀ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰጣል። አንደኛው «ጊዜ አጣሁ» ሲሆን፥ ሁለተኛው «መንፈሱ አልመጣልኝም» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን አዘውትረው የሚናገሩት በመሥሪያ ቤት የሚውሉ ሹማምንትና በትምህርት ቤት የሚደክሙ መምህራን ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚናገሩት ደግሞ አንድ ሁለት ግጥም ጽፈው በጓደኞቻቸው ፊት የተመሰገኑ ወጣቶች ናቸው። ሁለቱም መልሶች ከትሕትና የመነጩ ይመስላሉ። ጠጋ ብለን ስንመረምራቸው ግን ሁለቱም ድርሰትን ከደራሲው ፈቃድ ውጭ አውጥተው ለሌላ ባለሥልጣን የሚያስረክቡ ሆነው እናገኛቸዋለን፤ አንዱ ለቀን መቁጠሪያ፥ ሌላው ለዕድል።

ይህን የምንጽፈው እኛ ከነቀፋው ነፃ ሆነን አይደለም። በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ባለፈው ሰሞን አውጥተን ብንቆጥር አሥራ አንድ የድርሰት መጀመሪያዎች አገኘንበት፤ መጨረሻ ግን አንድም አላገኘንበትም። ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ይህም ነገሩን ይበልጥ አሳዛኝ ያደርገዋል። መክሊቱን የቀበረ ሰው ቢያንስ ምን እንደ ቀበረ ያውቃል፤ እኛ ግን ምን እንደ ቀበርን እንኳ ሳናውቅ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ጥያቄ ለሌላ ሰው ብቻ የተወረወረ አይደለም። የድርሰት ሕይወት በምን ተጠብቆ ይኖራል? በተወሰነ ግብ ነው ወይስ በሚመጣ መንፈስ?

ለመንፈስ የሚከራከሩ ሰዎች አዘውትረው የሚጠሩት ምስክር እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮለሪጅ ነው። ኮለሪጅ «ኩብላ ካን» የተባለውን ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1816 ሲያሳትም በመግቢያው ላይ እንዲህ የሚል ታሪክ ተረከ። ሕመም ተሰምቶት የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ፥ ስለ ሞንጎሉ ንጉሥ ቤተ መንግሥት የሚናገር የጉዞ መጽሐፍ ሲያነብ እንቅልፍ ጣለው። በእንቅልፉም ከ200 እስከ 300 ቤት የሚደርስ ግጥም ያለ አንዳች ድካም ተሰጠው። ነቅቶ መጻፍ እንደ ጀመረ ግን ፖርሎክ ከምትባል መንደር አንድ ሰው ለጉዳይ መጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየው፤ ተመልሶም ሲቀመጥ የቀረው ሁሉ ከልቡናው ጠፍቶ ነበር። በእጃችን የሚገኘው 54 ቤት ብቻ ነው።

ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ሰነፍንም ያጽናናል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያልጨረሰ ሁሉ የየራሱን የፖርሎክ ሰው አግኝቶአል። ነገር ግን ደራሲ ስለ ራሱ ሥራ የሚሰጠው ቃል እንደ ማንኛውም ምስክርነት መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1934 ኮለሪጅ በገዛ እጁ የጻፈው የዚሁ ግጥም ቅጂ ተገኘ፤ ከታተመውም ጋር ሲነጻጸር ቃላቱ በየቦታው ተለያይተው ታዩ። ከልዩነቶቹ አንዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚያስገርም ነው። በግጥሙ ውስጥ አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ የአውታር መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ ትዘምራለች፤ የታተመው ግጥም ተራራውን «አቦራ» ሲለው፥ የእጅ ጽሑፉ «አማራ» ይለዋል። ይህ ስም ከኮለሪጅ በፊት ሚልተን «የጠፋችው ገነት» በተባለው ድርሰቱ የጠራው፥ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ስለ ነበረው አምባ ወደ አውሮፓ የደረሰው ወሬ ያስፋፋው ስም ነው።

እንግዲህ ቃሉ በሕልም የተሰጠ ከሆነ ስለ ምን ተለወጠ? መልሱ ግልጽ ነው። ኮለሪጅ ነቅቶ፥ ቃል መርጦ፥ አንዱን ፍቆ ሌላውን ተክቶ ሠርቶአል። ይህን ስንል ሕልሙን ሐሰት ማለታችን አይደለም። ሕልሙ የመጣው መጽሐፍ ሲያገላብጥ ለኖረና መጽሐፍ በእጁ እንደያዘ ለተኛ ሰው መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው። መንፈስ ወደ ባዶ ቤት አይገባም፤ ቢገባም የሚቀመጥበት ስለሚያጣ ተመልሶ ይወጣል።

ለግብ የሚከራከሩት በበኩላቸው የሚጠሩት ምስክር ሌላው እንግሊዛዊ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1815 ተወልዶ በ1882 የሞተ ሲሆን፥ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበረ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። በ1834 በለንደን ፖስታ ቤት በጸሐፊነት ገብቶ እስከ 1867 ድረስ 33 ዓመት አገልግሎአል። በአየርላንድ እየተዘዋወረ የደብዳቤ መሥመር ሲመረምር ኖሮአል፤ የፖስታ ውል ለመዋዋል ወደ ግብፅ ተልኮአል፤ በ1852 በጀርሲ ደሴት ለሕዝብ የቆመው የደብዳቤ መጣያ ሣጥንም በእሱ አሳሳቢነት የቆመ ነው። ይህን ሁሉ እየሠራ 47 ልብ ወለዶች ደረሰ። እንዴት እንደ ደረሰም ከሞተ በኋላ በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ በዝርዝር ገልጾታል።

በየማለዳው በ5 ሰዓት ተኩል፥ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፥ ከጠረጴዛው ይቀመጣል። ቡና አፍልቶ የሚቀሰቅሰው አንድ ሽማግሌ የፈረስ ባልደራስ ነበረው፤ ለዚህም ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ስላገኘው ሁሉ ከማንም ይልቅ የዚህ ሰው ባለዕዳ እንደሆነ ትሮሎፕ ራሱ ጽፎአል። ከዚያም የእጅ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። በየሳምንቱ የጻፈውን ገጽ በመዝገብ ይቆጥራል፤ አማካዩ 40 ገጽ ነበር። ለጉዳይ በባቡር ሲሄድም በጉልበቱ ላይ ባኖረው ገበታ በእርሳስ ይጽፋል፤ ሚስቱም ገልብጣ ታነጥርለታለች። ይህንን ትጋት ያየው ከእናቱ ነው። ፍራንሲስ ትሮሎፕ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ድርሰት ጀምራ፥ ልጅዋንና ባልዋን በሞት አልጋቸው ላይ እያስታመመች፥ ቤተ ሰቡ ሳይነሣ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተነሥታ የምትጽፍ ሴት ነበረች። የእናቱን መብራት ያየ ልጅ «ጊዜ አጣሁ» ለማለት አፍሮ ይሆናል።

የሕይወት ታሪኩ በታተመ ጊዜ ግን የትሮሎፕ ስም ተጎዳ። ብዙ አንባቢዎች የወደዱአቸው መጻሕፍት በሰዓት እየተለኩ መሠራታቸውን ሲሰሙ ተቀየሙ። ደራሲን ከጫማ ሰፊ ጋር ማመሳሰሉም አላስመሰገነውም። በመጨረሻም ከድርሰቶቹ ያገኘውን ገንዘብ እየዘረዘረ ደምሮ 68,939 ፓውንድ ከ17 ሺሊንግ ከ5 ፔንስ መሆኑን ሲያስታውቅ፥ የኪነ ጥበብ ወዳጆች ጆሮአቸውን ያዙ። ፍርዱ ግን ችኩል ነበር እንላለን፤ መጽሐፉን በትዕግሥት ያነበበ ሰው ሰዓቱ የታሪኩ እኩሌታ ብቻ መሆኑን ያስተውላልና።

በመጀመሪያ ትሮሎፕ ድኻና የተናቀ ተማሪ ሆኖ ብቻውን ይውል በነበረበት ዘመን በልቡ ታሪክ መፍጠር ለምዶ ነበር። አንዱን ታሪክ ለሳምንታት፥ ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት እየቀጠለ፥ ሊሆን የማይችለውን ነገር እያስወገደ በልቡ ይኖርበት ነበር። እንግዲህ ሰዓቱ የተቀመጠው ከምንጩ አጠገብ እንጂ በደረቅ ምድር ላይ አልነበረም። ሁለተኛም ከሦስቱ ሰዓት የመጀመሪያውን እኩሌታ ሰዓት የሚያሳልፈው አዲስ በመጻፍ ሳይሆን፥ ትናንት የጻፈውን አንብቦ የቃላቱን ድምፅ በጆሮው በመመዘን ነው። ሦስተኛም ነቀፋ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን በክበብ ተቀምጦ ሲጽፍ ሁለት ካህናት በአጠገቡ ሆነው፥ ያንኑ ሰው ከመጽሐፍ መጽሐፍ እየመለሰ ያመጣል እያሉ፥ ይልቁንም ሚስዝ ፕራውዲ የተባለችውን የጳጳስ ሚስት ሲያማርሩ ሰማ። ተነሥቶ እኔ ነኝ አላቸው፤ ሳምንቱ ሳያልቅም እገድላታለሁ ብሎ ሄደ፤ ቃሉንም ፈጸመ። በ1867 በታተመው የባርሴት የመጨረሻ ታሪክ ውስጥ ያለው የሚስዝ ፕራውዲ ሞት ከጻፋቸው ሁሉ እጅግ ልብ የሚነካ ክፍል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። መንፈስ በዚያን ቀን የመጣው በሁለት ነቃፊዎች አፍ ነበር።

ይሁን እንጂ የትሮሎፕ ሥርዐት ጉድለት የለበትም አንልም። ጉድለቱን የሚያሳዩ ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ እነርሱም «ዶክተር ቶርን» እና «በርትራሞች» ናቸው። የመጀመሪያውን በግብፅ ሳለ በአንድ ቀን ፈጸመ፤ ሁለተኛውን በማግሥቱ ጀመረ። ሰዓቱ ያው፥ እጁ ያው፥ የገጹ ቁጥር ያው ነው። ነገር ግን ለ«ዶክተር ቶርን» የታሪኩን ፍሬ ወንድሙን ፍሎረንስ ድረስ ሄዶ ለምኖ ተቀብሎ ነበር፤ መጽሐፉም በሕዝብ ዘንድ እጅግ ተወደደ። «በርትራሞች» ግን ካለፈው ድካም ሳያርፍ የተጀመረ ሲሆን፥ ወዳጆቹ እንኳ በመልካም ሲያነሡት ሰምቶ እንደማያውቅ ደራሲው ራሱ መስክሮአል። ገበሬ ይህን ነገር ከደራሲ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሁልጊዜ የሚታረስ መሬት ይደክማል፥ ጾም ያደረ መሬት ግን በሚቀጥለው ክረምት ያፈራል። የትሮሎፕ መዝገብ የተጻፈውን ገጽ ይቆጥራል እንጂ መሬቱ ማረፉን አይጠይቅም። መጠንን ይለካል፤ «ይህስ አይበጅም» ብሎ የሚመልስ መምህር ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም።

ይህን መምህር ለማግኘት ወደ ለንደን መሄድ አያስፈልገንም። በገዛ ሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ግብንና መንፈስን አስማምቶ ያኖረ ትምህርት ቤት አለ፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። ስለ ቅኔ በተነሣ ቁጥር ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ይባላል፤ ቅኔው ስለሚወለድበት የቀን ሥርዐት ግን ጥቂት ብቻ ይባላል። እኛ የምናተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ግሡንና አገባቡን ያጠናል። ከዚያም ከትንሹ ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው። እርሱን ሲችል 3 ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ 8 ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው። ማንም ገና የመጣውን ልጅ መወድስ አምጣ አይለውም፤ ማንም ደግሞ በጉባኤ ቃና ብቻ እንዲኖር አይፈቅድለትም። ግቡ ትንሽ ነው፤ ግን ያልቃል። ባለ ሁለት ቤቱ ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ቢሆንም መጀመሪያም መጨረሻም ያለው፥ በሁለት እግሩ የቆመ ድርሰት ነው። የእኛ አሥራ አንድ መጀመሪያዎች ከአንድ ጉባኤ ቃና የሚያንሱት በዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ቆጠራው ይመጣል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከጉባኤው ራቅ ብሎ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ይቀመጣል፤ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል። ወረቀትም ቀለምም በእጁ የለም። ጸጥታው፥ የወንዙ ድምፅ፥ የትናንቱ የመምህሩ ቅኔ፥ የተማረው ታሪክና ምሳሌ፥ ለቁራሽ ሲዞር ያየው የሰው ኑሮ ሁሉ በልቡ ይገናኛሉ። መንፈስ የሚባለው ነገር የሚመጣ ከሆነ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ነገር ግን ሥርዐቱን አስተውሉ፤ ተማሪው መንፈሱ ሲመጣ ወደ ወንዝ አይወርድም፤ ወደ ወንዝ ስለ ወረደ መንፈሱ ያገኘዋል። ከዚያ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ይሰማል፤ የተጣመመውን ያቀናል፤ የማይበጀውን ይመልሳል። ራሱም ቅኔ አውጥቶ ሰሙንና ወርቁን ይፈታላቸዋል፤ ማለትም ከተማሪዎቹ የሚጠይቀውን ራሱ በፊታቸው ይሠራዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው አንዱ ሕግ ነው። አንድ ጊዜ በጉባኤ የተቀኘ ቅኔ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ አዲስ አይቀርብም፤ ነገ ሌላ ቅኔ ይጠየቃል። ባለቅኔው በትናንቱ ምስጋና ሊኖር አይችልም። በዚህ ሕግ ምክንያት እጅግ ያማሩ ቅኔዎች ሳይጻፉ ጠፍተዋል፤ ይህም የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን በዚሁ ሕግ ምክንያት ምንጩ ሳይደርቅ ከትውልድ ትውልድ ተላልፎአል። ትሮሎፕ በየቀኑ የቃል ቁጥር ይፈልግ ነበር፤ የቅኔ ቤት በየቀኑ አንድ አዲስ፥ ያለቀ፥ በሌላ ሰው ጆሮ የተመዘነ ነገር ይፈልጋል። ሁለቱም ግብ ይባላሉ፤ ሁለተኛው ግን መንፈስን በውስጡ የያዘ ግብ ነው።

ከዚህ ቤት የወጣ ሰው በዘመናዊ ድርሰት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን መጥቀስ ይበቃል። በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስና በሌሎችም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ ተምረዋል፤ በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው በኢጣልያ ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜአቸው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። «ጊዜ አጣሁ» ለማለት ከእርሳቸው የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ የቅኔ ቤት የሚታየው በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ በመሆኑ ብቻ አይደለም። በአነጋገሩም፥ በሰዎቹም አሠራር ይታያል። ካሣ ዳምጤን እንመልከት። ሀገሩ «ጉዱ ካሣ» ብሎ ያወጣለት ስም ሰሙ ነው፤ እንደ እብድ ይታያል፥ ሕፃናት ይከተሉታል፥ ባላባቶች ይስቁበታል። ወርቁ ግን በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ደኅና አእምሮ ያለው እርሱ መሆኑ ነው። ይህ ሰው በሁለት እግሩ የሚሄድ ቅኔ ነው። ጉድለትም አለ፤ ካሣ ስለ ሥርዐትና ስለ ልማድ በሚናገርበት ስፍራ ንግግሩ አልፎ አልፎ እየረዘመ ታሪኩን ያቆመዋል፤ ደራሲው በካሣ አፍ ገብተው የሚሰብኩ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ይህ የተትረፈረፈ ጎተራ ጉድለት ነው፤ የባዶ ጎተራ አይደለም። ከዚያም በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ንና «የልም እዣት»ን ጨመሩ እንጂ፥ በመጀመሪያው ምስጋና ላይ ተቀምጠው አልቀሩም።

ከዚህ ሁሉ ምን እናገኛለን? መንፈስና ግብ ባላጋራዎች አይደሉም፤ ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ ከቤት ሲጠፋ ሌላው ብቻውን ልጅ አይወልድም። ኮለሪጅ ታላቅ ሕልም አይቶ ሥራውን ቁርጥራጭ አድርጎ ተወው፤ ትሮሎፕ ሥራውን ሁሉ ፈጽሞ አንዳንዱን ሕልም የሌለበት አደረገው። የቅኔው ተማሪ ግን ወደ ወንዝ ወርዶ ያልማል፥ ወደ ጉባኤ ተመልሶ ይፈርድበታል።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሙሉ ቀን አይጠብቅ፤ ሙሉ ቀን የሚገኘው በጡረታ ነው፥ በጡረታም ጊዜ የእጅ ልማድ በአንድ ቀን አይገኝም። ከማለዳው ወይም ከምሽቱ አንዲት ሰዓት ለይቶ በዚያች ሰዓት ትንሽ ነገር ይፈጽም፤ አንድ ገጽ ወግ፥ የአንድ ሰው መልክ፥ በችሎት የሰማውን አንድ ክርክር። ተማሪም ስለ መንፈስ ከመጨነቁ በፊት መንፈስ የሚቀመጥበትን ያዘጋጅ፤ ያንብብ፥ ሽማግሌ ሲናገር ይስማ፥ ገበያ ወጥቶ ሰው እንዴት እንደሚከራከር ያስተውል።

ለመምህራን የምናቀርበው ቃል ከሁሉ የከበደ ነው። ከልጆች ደብተር ሥር «በርታ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ልጁንም ለአንድ ቀን ደስ ያሰኘዋል። የቅኔ መምህር ግን በርታ ብሎ አያልፍም፤ ቤቱ የት እንደ ተሰበረ ያሳያል፥ ራሱም ሠርቶ ያሳያል። በየትምህርት ቤቱ አንድ እንዲህ ያለ መምህር ቢገኝ፥ ተማሪዎችም በየሳምንቱ አንድ ያለቀ ነገር እንዲያመጡ ቢጠየቁ፥ ከአሥር ዓመት በኋላ የምናነባቸው መጻሕፍት ዛሬ ከምናነባቸው የተለዩ ይሆናሉ ብለን እናምናለን። እንዲህ ያለ መምህር ካልተገኘ ግን ብዙ ተሰጥኦ በየመሳቢያው ይቀበራል፤ ማንም ስላላየውም ማንም አያለቅስለትም።

እኛም ወደ ደብተራችን ተመልሰናል። ከአሥራ አንዱ መጀመሪያዎች አጭሩን መርጠን ሌሎቹን ለጊዜው ዘግተናቸዋል። ሥራው ሁለት ሦስት ገጽ ቢሆን ነው፤ መልካም ለመሆኑም ዋስ አንሆንም። ሆኖም ሲያልቅ ከማያመሰግነን አንድ ወዳጅ ዘንድ ወስደን እናነብለታለን፤ አይበጅም ካለንም በማግሥቱ ሌላ እንጀምራለን።